መዳቡ ከዛምቢያ፣ ዋጋው ከለንደን

በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ውስጥ ቀይ ወንበሮች በክብ የተደረደሩበት አዳራሽ አለ። ደላሎቹ ወንበራቸውን ይይዙና ለእያንዳንዱ የብረት ዓይነት አምስት አምስት ደቂቃ እየተጯጯኹና በእጅ ምልክት እየተግባቡ ይገበያያሉ። አብዛኛው ግብይት ዛሬ በኮምፒውተር የሚያልቅ ቢሆንም፣ የዚያ ገበያ ዋጋ አሁንም በዓለም ዙሪያ በሚፈረሙ የመዳብ ሽያጭ ውሎች ላይ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ማዕድኑ ቺሊ ተቆፈረ፣ ፔሩ ተቆፈረ፣ ዛምቢያ ተቆፈረ ለውጥ የለውም። ገበያው ከተመሠረተበት ከ1877 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ ባለቤቱም ከ2012 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው። ከመሬታቸው መዳብ የሚወጣባቸው ድሃ አገሮች ግን በዋጋው ላይ ያላቸው ድምፅ ያው እንደነበረ ነው።

ስለ ሉላዊነት በጥቅሉ ሲወራ ማንም አይሸነፍም። ደጋፊው ቻይናን ይጠቅሳል፤ በዓለም ባንክ ስሌት በአርባ ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቶባታል። ተቃዋሚው በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የተደረመሰውን ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ያነሳል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች የሞቱበት ሲሆን አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ክርክሩ አይቋጭም። ወደ አንድ አገርና ወደ አንድ ሸቀጥ ወርደን ስንከተለው ነገሩ ጠራ ይላልና እዚህ ዛምቢያንና መዳቧን እከተላለሁ። ዓለም አቀፍ ኩባንያው፣ መንግሥት ለገበያ የሚያቀርበውን የብድር ሰነድ (ቦንድ) የሚገዛው ባለገንዘብ፣ የውጭ ፍርድ ቤቱ፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ፣ ሁሉም በዚያች አገር ደጃፍ አልፈዋል።

ችግር ያሸጠው ማዕድን

ዛምቢያ በ1964 ነጻ ስትወጣ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ደህና ገቢ ከነበራቸው አንዷ ነበረች። ማዕድኖቹን በ1960ዎቹ መገባደጃ መንግሥት በእጁ አስገባ፤ ምርቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 700 ሺህ ቶን ግድም ደረሰ። በ1975 የመዳብ ዋጋ ወደቀ። ባለሥልጣናቱ ውድቀቱ ያልፋል ብለው ክፍተቱን በብድር መሙላት ያዙ፤ ዋጋው ግን እንደጠበቁት አላገገመም። በዚያ ላይ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የገዛ አገሩን የዋጋ ንረት ለመግታት ወለዱን እየቆለለ በ1981 ወደ 20 ከመቶ አደረሰው። ሜክሲኮ በኦገስት 1982 ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ብላ ስታውጅ ከላቲን አሜሪካ እስከ አፍሪካ ተበዳሪው ሁሉ ተራ በተራ ተንገዳገደ። ወለዱን የጨመሩት ሰዎች ስለ ዛምቢያ ዋና ከተማ ስለ ሉሳካ አላሰቡም፤ እንዲያስቡ የሚያስገድድ ሕግም የላቸውም። የዶላር ብድር ጠባይ ይህ ነው፦ የተበዳሪውን ሸክም የሚወስነው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሌላ አገር ሕዝብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የብዙ አገሮች ታሪክ ነው። አዲስ ብድር ለማግኘት አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ መሟላት ነበረበት፤ ድጎማ ይነሳ፣ ገበያው ይከፈት፣ የመንግሥት ድርጅቶች ይሸጡ። የዛምቢያ የመዳብ ማዕድናት ከ1997 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ተቆራርጠው ተሸጡ። ለፍትሐዊነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ፤ በዚያን ጊዜ ማዕድኖቹ መንግሥትን ያከስሩት ነበር፣ ምርቱም ወደ 250 ሺህ ቶን አሽቆልቁሎ ነበር። መሸጡ ራሱ እብደት አልነበረም። ነገር ግን ዋጋው በወደቀበት፣ አበዳሪው ደጅ በቆመበት ሰዓት የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ውል እንደሚፈርም ይታወቃል። ለማዕድን አውጪዎቹ በተሰጣቸው ውል መሠረት ከሚወጣው ማዕድን ዋጋ ላይ ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ (ሮያሊቲ) 0.6 ከመቶ ብቻ ሆነ፤ ይህም ለረጅም ዓመታት እንዳይነካ ዋስትና ተሰጠው። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው የኮንኮላ ማዕድን 51 ከመቶ ድርሻ በ2004 በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ኩባንያ ተላለፈ።

ከዚያ የቻይና ፋብሪካዎች መዳብ ተጠሙ። በ2003 በአማካይ 1,800 ዶላር ግድም የነበረው አንድ ቶን መዳብ በ2006 ከ6,500 ዶላር በላይ ወጣ። ዛምቢያ የዋጋው ዕድገት ተመልካች ሆና ቀረች። መንግሥት በ2008 ውሎቹን ሽሮ ሮያሊቲውን ወደ 3 ከመቶ ከፍ አደረገ፤ ዋጋው ሲንር የሚታሰብ ልዩ ግብርም ጣለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ መዳቡን ወደ 3,000 ዶላር መለሰውና ኩባንያዎቹ እንዘጋለን አሉ፤ ልዩ ግብሩ በ2009 ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ተመልሶ ወጣ።

ስዊዘርላንድ ያልደረሰው መዳብ

በዚያ ዘመን የዛምቢያን የንግድ መዝገብ ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያገኛል። ለዓመታት የአገሪቱ ትልቋ የወጪ ንግድ መዳረሻ ስዊዘርላንድ ነበረች። የባሕር በር ከሌላት አገር ወደ ሌላ የባሕር በር የሌላት አገር በመቶ ሺህ ቶን የሚቆጠር መዳብ አልተጓዘም። የተጓዘው ወረቀቱ ነው። ብረቱ በዳሬሰላም ወይም በደርባን ወደብ ተጭኖ በአብዛኛው ወደ እስያ ሲሄድ፣ ገዢ ሆነው የተመዘገቡት ስዊዘርላንድ ውስጥ የተቀመጡ ነጋዴ ኩባንያዎች ነበሩ።

ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ንግድ በደላላ የሚሠራ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ሻጩና ገዢው የአንድ እናት ኩባንያ ልጆች ሲሆኑ ነው። ማዕድኑን የሚያወጣው ቅርንጫፍ መዳቡን ለእህት ኩባንያው በርካሽ ከሸጠ ትርፉ ግብር ቀላል በሆነበት አገር ይታያል፤ ኪሳራው ማዕድኑ ባለበት። በሞፓኒ ማዕድን ላይ የተነሳው ክርክር ይኸው ነበር። የዛምቢያ ግብር ሰብሳቢ ባለሥልጣን፣ ሞፓኒ ከ2006 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ለእናት ኩባንያው ለግሌንኮር መዳብ የሸጠበት ዋጋ ከገበያው ያነሰ ነው ብሎ ተጨማሪ ግብር ጠየቀ፤ ኩባንያው አልቀበልም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ለግብር ባለሥልጣኑ ፈረደ። የተፈረደው 13 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነው። ለአንድ የዓለም ትልቅ ኩባንያ ኢምንት ነው፤ አሥር ዓመት የፈጀ ሙግት ለመሞገት የሚበቁ የሒሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች ማሰማራት ለሚገባው የድሃ አገር መሥሪያ ቤት ግን ቀላል አይደለም። ብዙ አገሮች እንዲህ ዓይነቱን ክስ የማይጀምሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የትራክተሩ ዕዳ

ከዛምቢያ ታሪክ ውስጥ የፋይናንሱን ዓለም አሠራር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ቢኖር የሮማኒያው ብድር ነው። ዛምቢያ በ1979 ከሮማኒያ ትራክተሮችና ሌሎች የእርሻ መሣሪያዎች በብድር ገዛች። በአስቸጋሪዎቹ ዓመታት መክፈል አቃታት፤ ዕዳው ከነወለዱ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። በ1999 ሮማኒያ የዕዳውን ወረቀት በብሪታኒያ ቨርጂን ደሴቶች ለተመዘገበ ዶኔጋል ኢንተርናሽናል ለተባለ ኩባንያ ሸጠችው፤ ዋጋው 3.3 ሚሊዮን ዶላር ግድም። ዶኔጋል ጠበቀ። ሌሎች አበዳሪዎች የዛምቢያን ዕዳ ሰርዘው አገሪቱ ጥቂት ገንዘብ መያዝ ስትጀምር ለንደን ላይ 55 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሳት። በ2007 ፍርድ ቤቱ ዛምቢያ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንድትከፍል ወሰነ። የዕዳ ስረዛው ዓላማ ለትምህርትና ለጤና ገንዘብ እንዲተርፍ ነበር፤ ከተረፈው ላይ ቀድሞ የቆነጠረው ከዚህ በፊት ለዛምቢያ አንድ ሳንቲም አበድሮ የማያውቅ ኩባንያ ሆነ።

እንዲህ ያሉትን ጥንብ አንሳ ፈንዶች ይሏቸዋል። አንደኛው በ2012 የአርጀንቲናን የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ ጋና ቴማ ወደብ ላይ እስከማሳገድ ደርሶ ነበር፤ መርከቧ የተለቀቀችው ሐምቡርግ ያለው የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ ነው። የዶኔጋልን ጉዳይ ተከትሎ በተነሳው ቁጣ ብሪታኒያ በ2010 የዕዳ ስረዛ ተጠቃሚ በሆኑ ድሃ አገሮች ላይ እንዲህ ዓይነት ክስ የሚያስገኘውን ገንዘብ የሚገድብ ሕግ አወጣች።

ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ የለንደንን ዳኞች መርገም ቀላል ነበር። ይሁንና በ2019 የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ የዛምቢያ ጉዳይ ቀርቦለት፣ በቺንጎላ አካባቢ የሚኖሩ 1,826 ሰዎች የኮንኮላ ማዕድን ወንዛችንን በከለብን ብለው የማዕድኑን እናት ኩባንያ ቬዳንታን እዚያው እንግሊዝ አገር መክሰስ ይችላሉ ሲል ወሰነ። ካፒታል ድንበር በተሻገረበት መንገድ የገበሬው ክስም ተሻገረ። ሉላዊነት ለባለሀብት ብቻ የተከፈተ በር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ውሳኔ ቢያነቡት መልካም ነው። ልዩነቱ በሩ ለማን በስንት ዓመት እንደሚከፈት ነው።

በሬ ሆይ

በ2005ና በ2006 በተደረገው የዕዳ ስረዛ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የዛምቢያ የውጭ ዕዳ ወደ አንድ ቢሊዮን ግድም ወረደ። በ2012 አገሪቱ የመጀመሪያውን ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ገበያ በዶላር የሚሸጥ ቦንድ፣ ስታወጣ 750 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሆን ፍላጎት ቀረበላት፤ ወለዱም 5.6 ከመቶ ግድም ነበር። በዚያን ሰሞን በዕዳ ቀውስ ውስጥ የነበረችው ስፔን ከዚያ ባላነሰ ወለድ ትበደር ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ወለዱ ወደ ዜሮ ስለወረደ ገንዘቡ ማረፊያ እየፈለገ ነበር እንጂ ዛምቢያ በአምስት ዓመት ስፔንን አልበለጠችም። ሉሳካ ግን እንደ ምስጋና ወሰደችው። በ2014 አንድ ቢሊዮን፣ በ2015 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ጨመረች፤ የመጨረሻው ወለድ ከ9 ከመቶ በላይ ሆነ። ለመንገድና ለኃይል ማመንጫ ከቻይና የተወሰደው ብድር ከዚህ ሌላ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ገደሉ የት እንደነበር በአንዲት የወለድ ክፍያ ላይ ማየት ይቻላል። የ2014ቱ ቦንድ በየስድስት ወሩ 42.5 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ያስከፍላል። ቦንዱ ሲሸጥ አንድ ዶላር በዛምቢያ ገንዘብ 6 ክዋቻ ከጥቂት ይመነዘር ስለነበር ክፍያው 260 ሚሊዮን ክዋቻ ግድም ማለት ነበር። በ2015 የመዳብ ዋጋ ሲወርድ፣ በካሪባ ግድብ ውኃ ጎድሎ መብራት ሲቆራረጥ ክዋቻ ወደቀ፤ ከዚያም መውደቁን ቀጠለ። በኖቬምበር 2020 ዶላሩ ከ20 ክዋቻ በላይ ሲሆን ያችው ክፍያ ከ850 ሚሊዮን ክዋቻ በላይ ሆነች። ዛምቢያ አንድ ዶላር ሳትጨምር ወለዱ በሦስት እጥፍ አደገባት፤ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው ደግሞ በክዋቻ ነው። በዚያ ወር ክፍያዋን አቋረጠች። በወረርሽኙ ዘመን ይህን በማድረግ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ጋናም በ2022 መጨረሻ ተከተለቻት።

ጥፋቱን ሁሉ በውጭው ዓለም ላይ መለጠፍ አይቻልም። የተበደረው በሕዝብ የተመረጠ መንግሥት ነው፤ በ2021 ሥልጣን የያዘው ተተኪው መዝገቡን ሲከፍት ዕዳው ቀድሞ ከተነገረው በላይ ሆኖ አገኘው። ዳሩ ግን አበዳሪውም አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ዘጠኝ ከመቶ ወለድ የሚጠየቀው አደጋ ስላለበት ነው፤ አደጋው ሲደርስ ወለዱን ሲበላ የኖረው ሰው ሙሉ ገንዘቡን የሚጠይቅበት አመክንዮ አይገባኝም። የብድር ብቃት የሚመዝኑት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ሙዲስ፣ ኤስ ኤንድ ፒና ፊች፣ ማስጠንቀቂያቸው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። በ1997 የእስያ ቀውስ ጊዜ የደቡብ ኮሪያን ደረጃ ቀውሱ ከገባ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደርበው ደርበው ሲጥሉት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ ነበር፤ የእነርሱ መጮኽ ደግሞ ራሱ ወለድ ያስጨምራል።

አንድ ኩባንያ ሲከስር የሚዳኝበት የኪሳራ ሕግ አለው። አገር ሲከስር ግን ሕግ የለም፤ ድርድር ብቻ ነው ያለው። የቡድን 20 አገሮች በ2020 የጋራ ማዕቀፍ ያሉትን አሠራር አቋቁመው ዛምቢያ፣ ቻድና ኢትዮጵያ ቀድመው አመለከቱ። ቀድሞ ምዕራባውያን መንግሥታት የፓሪስ ክለብ በሚባለው ስብስባቸው ተቀምጠው ይጨርሱት የነበረው ነገር አሁን ቻይናን፣ ምዕራባውያኑንና በሺህ የሚቆጠሩ ቦንድ ገዢዎችን ማስማማት ይጠይቃል። ዛምቢያ ከመንግሥታቱ ጋር በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ የተስማማችው በጁን 2023 ነው። በዚያው ዓመት ከቦንድ ገዢዎች ጋር የደረሰችበትን ስምምነት መንግሥታቱ ለእነርሱ አድልቷል ብለው አስቀሩት፤ የመጨረሻው ስምምነት የተፈጸመው በጁን 2024 ሆነ። ክፍያ ካቆመች ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አዲስ ገንዘብ የሚያመጣ ባለሀብት ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

አይኤምኤፍ በነዚህ ድርድሮች ውስጥ ዳኛም አበዳሪም ነው። በድርጅቱ ውስጥ አሜሪካ ብቻዋን 16.5 ከመቶ ያህል ድምፅ አላት፤ ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 ከመቶ ድጋፍ ስለሚፈልጉ እምቢ ካለች ያልቃል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በሥራ አመራር ቦርዱ ላይ ለረጅም ዘመን ሁለት መቀመጫ ተጋርተው ኖረው ሦስተኛው የተጨመረላቸው በ2024 መጨረሻ ነው። በ2021 ድርጅቱ ለአባላቱ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል መጠባበቂያ ሲያከፋፍል ለመላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ነበር፤ ክፍፍሉ በድርሻ እንጂ በችግር መጠን አይደለም።

ሌላ መንገድ የያዙት

በካዙንጉላ ድልድይ ዛምቢያን የምትጎራበተው ቦትስዋና በዚያው ዓለም አቀፍ ገበያ ውስጥ ኖራለች። አልማዟን የምታወጣው ዲ ቢርስ ከተባለው የአልማዝ ኩባንያ ጋር እኩል በእኩል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በያዘችው ኩባንያ ነው። ደግ ዘመን ላይ የተረፈውን ፑላ ፈንድ በተባለ ቋት ውስጥ አስቀመጠች። በኋላም ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ተደራድራ ዲ ቢርስ የአልማዝ መለየቱንና ሽያጩን በ2013 ከለንደን ወደ ጋቦሮን እንዲያዛውር አደረገች። በኩባንያው ፊት ተቀምጣ የተደራደረችው ዕዳ ሳያስጨንቃት ነበር፤ ከዛምቢያ ጋር ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ይህም ሆኖ በቤተ ሙከራ የሚሠራው አልማዝ ዋጋውን ሲሰብረው የቦትስዋና በጀት እያቃሰተ ነው። በአንድ ሸቀጥ መኖር ብልህ ለሆነም አያስተማምንም።

ቬትናም ከሸቀጥ ይልቅ በፋብሪካ ገባች። ሳምሰንግ ከስልኮቹ ግማሽ ያህሉን እዚያ ይገጣጥማል፤ ብዙው ክፍል ከውጭ መጥቶ የሚገጠም ቢሆንም ሥራውና የዶላር ገቢው እዚያ ይቀራል። ማሌዥያ ደግሞ በ1998 ቀውስ ውስጥ ሆና ካፒታል እንዳይወጣ ገደብ ጥላ ገንዘቧን ሪንጊትን በዶላር 3.80 ላይ አሰረችው፤ የገንዘብ ገበያው አውግዟት ነበር፤ ኢኮኖሚዋ ግን አገገመ። አይኤምኤፍ ራሱ በ2012 እንዲህ ዓይነት ገደብ በአንዳንድ ሁኔታዎች ተገቢ ሊሆን እንደሚችል በይፋ ተቀበለ። የዛምቢያ ማዕድን በተሸጠበት ዘመን ይህን የሚል ሰው ጨዋታ እንደማያውቅ ይቆጠር ነበር።

አሁን ነፋሱ እንደገና ዞሯል። የኤሌክትሪክ መኪናና የኃይል መስመር መዳብ ይበላሉ፤ በሜይ 2024 ቶኑ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ መዳቡን በአንጎላ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚያወጣውን የሎቢቶ ባቡር ሲደግፉ፣ ቻይና በ1970ዎቹ የገነባችውን 1,860 ኪሎ ሜትር የታንዛኒያ ሐዲድ ለማደስ ተነስታለች። ሞፓኒን ከግሌንኮር የተረከበው የዛምቢያ መንግሥት በ2024 የ51 ከመቶውን ድርሻ ለአንድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኩባንያ በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አሳልፏል፤ ከሃያ ዓመት በፊት በ25 ሚሊዮን ከተላለፈው ተመሳሳይ የኮንኮላ ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ሻጭ ሳይቸኩል ገዢም ሲበዛ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ከቦንድ ገዢዎቹ ጋር በተፈረመው አዲስ ውል ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ አለ። ከሁለቱ አዳዲስ ቦንዶች አንደኛው እስከ 2053 በዝቅተኛ ወለድ እንዲከፈል የተዘጋጀ ነው። የዛምቢያ ኢኮኖሚ ከተጠበቀው በላይ ካገገመ ወለዱ ከፍ ይልና መክፈያው ወደ 2035 ይቀርባል። መዳቡ ከወደቀ ክፍያው የሚቀልበት አቻ አንቀጽ አልተጻፈም።